የውጤቱ ገጽ ይዘግይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ከሥራ አስኪያጃችን ከአቶ ደሳለኝ ጋር ተጋጨሁ። አልጸጸትም።

የክሊኒካችን ታካሚዎች የላብራቶሪ ውጤታቸውን በስልክ የሚያዩበት፣ ፒኤችፒ በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም በጣም ይንቀራፈፍ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት አዲስ ሰርቨር ሳዋቅር ካሽ የሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ጨመርኩበት፤ አንዴ የተዘጋጀን ገጽ ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ጠያቂ ወዲያው ይሰጣል። አቶ ደሳለኝ ፍጥነቱን ሲያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም።

ዛሬ ጠዋት ግን ነርሳችን ሲስተር ብርቱካን የራሷን ውጤት ልታይ ስትከፍት፣ ከቁይ ከተማ የመጣች የአንዲት ልጅ የእርግዝና ምርመራ ወጣላት። ስልኩን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ተለዋውጧል። ሰርቨሩ ልጅቷ ቀድማ የከፈተችውን ገጽ አስቀምጦ ለሲስተር ብርቱካን ሰጥቷታል። የውጤት ገጾቹን በሙሉ ከካሹ አወጣኋቸው። ስህተቱ ጠፋ፤ ፍጥነቱም አብሮ ጠፋ።

«ነገ ለአዲሱ አገልግሎት ምረቃ እንግዶች ይመጣሉ። ትናንት እንደነበረው መልሺው» አሉኝ አቶ ደሳለኝ።

«አልመልሰውም።»

«ለአንድ ቀን ነው። ማን ያያል?»

«ሲስተር ብርቱካን አይታለች።»

«እንግዲያው የሚችል ሰው ከባሕር ዳር አስመጣለሁ።»

«ያስመጡ። የይለፍ ቃሉን እሰጠዋለሁ፤ የሆነውንም እነግረዋለሁ።»

ከቢሮዬ ወጡ። ሰው ያስመጡ አያስመጡ አላውቅም። እኔ ግን የዚያችን ልጅ ጉዳይ ከእሷ ሌላ ለማንም ሰው የሚያሳይ ሰርቨር አልከፍትም። ነገ ገጹ እንግዶቹ ፊት እየተጎተተ ይከፈታል። ይጎተት።