ደብተሬ ጭምብል ሆነ

ጥቅምት 20፣ ካሳራኒ፣ ናይሮቢ

ዛሬ ከንዴቴ ብዛት ምሳዬን እንኳ አልቀመስኩም።

የልጅ ልጄ የሊዲያ ትምህርት ቤት ነገ ሃሎዊን ስለሆነ ልጆቹ የሚያስፈራ ነገር ለብሰው ይምጡ ብሏል። ዌስትላንድስ የሚሸጠው ጭምብል ውድ ነው ብላ እናቷ ሄለን እቤት ሠራችላት። ፊኛ ነፍታ፣ ወረቀት ቀዳ፣ በዱቄት ሙጫ እየደራረበች ለጠፈችበት። ወረቀቱ ከየት መጣ? አልጋዬ ሥር ካለው ፌስታል! በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩበትን ደብተር ነው የቀደደችው።

ሊዲያ ጭምብሉን አጥልቃ "ሾሾ፣ ፈራሽኝ?" እያለች (ሾሾ እዚህ አገር አያት ማለት ነው) ስትዘል፣ ግንባሩ ላይ "ዘነበች" የሚል አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ የጻፍኩት ስሜ ነው።

"አንቺ፣ ይሄ የማን ደብተር መሰለሽ?" ብዬ ሄለን ላይ ጮህኩባት።

"ውይ እማዬ! ሊዲያ ፊደል ስትማር የሞነጫጨረችው መስሎኝ እኮ ነው።"

የሞነጫጨረችው! ልጄን ሄለንን ያስተማርኳት የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው።

ቆይታ ደግሞ፣ "አዲስ ደብተር እገዛልሻለሁ፤ እንደገና ትጽፊዋለሽ" አለችኝ።

እንዴት አድርጌ? አሁንማ እጄ ተቃንቷል። ያንን ጠማማ ስም ከየት አመጣዋለሁ?