ስላቃጠልኩት መርዛም ሐረግ

ለተከበሩ ሚስተር ኤልዉድ ፋርንሃም፣
የሃርሎ ክሪክ ከተማ የመናፈሻዎች ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ በተለይም ለቆዳዎና ለሳንባዎ ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ።

መርዛሙን ሐረግ ከግቢዬ እንዳጠፋ፣ ካላጠፋሁም እንደምከሰስ የሚገልጸው ማሳሰቢያዎ ደርሶኛል። ሐረጉ ከእርስዎ መናፈሻ ተነሥቶ፣ አጥሬን ተሻግሮ የገባ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍዎ ከትሕትና የመነጨ ስለመሰለኝ አመሰግናለሁ። አንደኛው አቤቱታዬ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፦ ማሳሰቢያው እንዴት እንደሚጠፋ አንድ ቃል የለውም። ደውዬ ብጠይቅ ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛዎ «እንደ ማንኛውም አረም ነዋ፣ ጌታዬ!» አለችኝ። እኔም ጓንት አጥልቄ፣ እጅጌዬን ቆልፌ ነቀልኩት። እስከዚህ ብልህ ነበርኩ። ከዚያ ከምሬ አቃጠልኩት።

ቆዳ የሚያሳክከው የሐረጉ ዘይት ከጭሱ ጋር ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ነፋሱ ጭሱን ወደ ጎረቤቴ ወደ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ስተብስ በረንዳ ወሰደው። እሳቸው አተር እየፈለፈሉ ነበር። «ዌንደል፣ ሥጋ እየጠበስክ ከሆነ እንዳትረሳኝ!» ብለው ጮኹልኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳይመሽ አምቡላንስ ወሰዳቸው።

ሆስፒታል ሄጄ ሳያቸው ጉሮሯቸው አብጦ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ? መስኮቴን እዘጋ ነበር እኮ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም ደረጃቸውን ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ፤ ይህንን ጥፋት ለክቡርነትዎ አላካፍልም።

ሦስተኛ፦ እሳቸው ሆስፒታል ሳሉ፣ ግቢዬን አርአያ በሚሆን መንገድ ስላጸዳሁ የሚያመሰግን ካርድ ከቢሮዎ ደረሰኝ። ካርዱ ያምራል፤ ዳር ዳሩ አበባ አለው።

በሚቀጥለው ማሳሰቢያዎ ላይ ግን በካርዱ ላይ ለአበባው ከሰጡት ቦታ ጥቂት ወስደው፣ ሐረጉ ደርቆም ቢሆን እንደማይቃጠል፣ በከረጢት ታስሮ እንደሚጣል፣ እጅም ልብስም መሣሪያም ወዲያው በሳሙና እንደሚታጠብ ቢያስጽፉልን ውለታዎን አንረሳም።

ትእዛዝዎን አክብሮ ጎረቤቱን ለሆስፒታል የዳረገው፣
ዌንደል ክራብትሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ሠራተኞችዎ በመናፈሻው በኩል ያለውን ሐረግ ቆርጠው ከመሩት፤ አንደኛው እሳት ሲፈልግ ደረስኩበት። ትእዛዝዎ እስኪመጣ ድረስ እንዳያቃጥሉት ወንበር አውጥቼ ክምሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ለእኔ ብለው አይቸኩሉ፤ ዛሬ ነፋሱ የሚነፍሰው ወደ ቢሮዎ ነው።