ለሳቂታ የውኃ ጎረቤት ለመረጡለት ኃላፊ

ለክቡር የአስተዳደርና የንብረት ኃላፊ፣
ሁለት መስኮት ባለው ቢሮዎ፤

ጉዳዩ፦ ለአክሶሎትሉ የተመደቡለትን አብሮ ነዋሪዎች ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ወገብዎን አሞዎት እንደ ሰነበተ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ የሌላውን ኑሮ ሲያስተካክል መዋሉ ቀላል ሸክም አይደለምና ጤናውን አትረፍርፎ ይስጥዎት። እኔም በምድር ቤቱ፣ በመጽሐፍ መጠረዣ ክፍሌ፣ ከሙጫዬና ከመርፌዬ ጋር ደህና ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለመዳፈር አይደለም። በቀጥታ ለርስዎ ከጻፍኳቸው መካከል ሦስት ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ እንቅልፍ ስለ ወሰዳቸው፣ አራተኛው ቆሞ ቢያድር ይሻለዋል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ የቤተ መጻሕፍታችን ደንበኛ በአጭሩ ላስረዳ። በልጆች ማንበቢያ ክፍል፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ አንድ የመስታወት ገንዳ አለ። በውስጡ የሚኖረው አክሶሎትል ይባላል፤ ዕድሜ ልኩን ከውኃ የማይወጣ፣ አራት እግርና ረጅም ጅራት ያለው፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ በተበተኑ ቀያይ ስንጥቦች የሚተነፍስ ነጭ ፍጥረት ነው። የአፉ ዳርና ዳር ወደ ላይ የተቀለበሰ በመሆኑ ሁልጊዜ የሚስቅ ይመስላል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሳቂታ አሉት። ባለቤቱ የካርድ መዝገባችንን ሠላሳ ዓመት የጠበቁት፣ ሁላችንም ጋሼ ካርድ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጣት ከሚያክልበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ቤት የሚጠብቃቸው ሌላ ሰውም የለም። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲገቡ ለኔ በአደራ ሰጡኝ። አደራቸውም አጭር ነበረች፦ ውኃው ይቀዝቅዝለት፣ ትል ይብላ፣ ማንም አይግባበት። «ልጄ፣ እሱን ብቸኝነት አይገድለውም፤ የሚገድለው የሚያዝንለት ሰው ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ እርስዎን በደንብ አላውቅዎትም ነበርና አባባላቸው አልገባኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. «ማንኛውም ክፍል በአንድ ነዋሪ ብቻ አይያዝም» የሚለውን መመሪያዎን ስላወጡልን አመሰግናለሁ። የክፍል እጥረት እንዳለብን ማንም አይክድም። ሆኖም ቅጽዎን ይዘው ክፍል ለክፍል ሲዞሩ፣ ከገንዳው ጀርባ የንብረት ቁጥር ተለጥፎ ስላዩ ገንዳውን ከክፍሎች ተርታ መዘገቡት። «የመያዝ አቅም፦ ስድስት። አሁን የያዘው፦ አንድ» ብለው ሲጽፉ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። «ይሄ ሁሉ ስፋት ለአንድ?» ብለው ራስዎን ሲነቀንቁ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ከዓሣ መስታወት ውስጥ ባዶ ቢሮ የሚለቅም ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና ሳቄን ይቅር ይበሉኝ። በማግስቱ እርስዎ ሰብሳቢ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊው አባል፣ እኔ ጸሐፊ የሆንኩበት የአብሮ ነዋሪ መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ።

፪. በመጀመሪያው ስብሰባ ከእንግዳ መቀበያው አራት ባለመስመር ዓሦች እንዲዛወሩ ስለ ወሰኑ አመሰግናለሁ። መስፈርቱ የአገልግሎት ዘመን ነበር፤ ዓሦቹ በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ዓመት ያለ አንዳች የዲሲፕሊን ጉድለት አገልግለዋል። የነሱ ውኃ ማሞቂያ እንደሚፈልግ፣ ሳቂታ ደግሞ ውኃው ሞቅ ካለ እንደሚታመም በቃልም በጽሑፍም ባስረዳ፣ እርስዎ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ይሁን ብለው መካከለኛውን ሙቀት መረጡ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ማንም ሳይበደል ሁሉም እኩል ታመመ። ከዚያ ዓሦቹ የሳቂታን ቀያይ ስንጥቦች ምግብ ነው ብለው ይነጩት ጀመር፤ ስንጥብ ማለት ሳንባው ነው። እሱም በበኩሉ አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ እራቱ ነውና፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ብቆጥር ዓሦቹ ሦስት ሆነው የሳቂታ ሆድ ተነፍቷል። በቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ አባል ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው ቀርቷል» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙኝ፤ እኔም ጻፍኩ።

፫. በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ዓሦቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የጽዳት ሠራተኛ ተመደበለት። ይኸኛው የአምባዛ ዘመድ ሲሆን አፉን መስታወት ላይ ለጥፎ አረንጓዴውን አተላ እየላሰ ይኖራል። ገንዳውን በየሳምንቱ የማጸዳው እኔ ስለሆንኩ አተላ አልነበረም። ፍጥረቱም ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብሎ የሳቂታን ጀርባ ይልስ ገባ። የአክሶሎትል ቆዳ ስስ ነው፤ የሚጠብቀው ከላዩ ያለው ልጋግ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ላይ የሣንቲም ያህል ቁስል አገኘሁ። እርስዎ ግን በወሩ ሪፖርት ላይ «የጽዳት ሽፋን ወደ ነዋሪዎችም ተስፋፍቷል» ብለው አቀረቡት።

፬. ቀጥሎም ሸርጣን ስለ ላኩልን አመሰግናለሁ። ለጥበቃ ነው የተባለው። ከማን እንደሚጠብቀው ጠይቄ ነበር፤ ጥያቄዬ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ። ጥበቃው በገባ በአራተኛው ቀን ሳቂታ በሦስት እግር ሲሄድ አገኘሁት።

ስለዚህ ስለ አራተኛው ምስጋናዬ ጥቂት ልጨምር። እግሩን በጽሑፍ ባመለክት፣ በማመልከቻዬ ጥግ በቀይ ብዕር የጻፉልኝ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ከአንድ መጽሔት እንዳነበብነው የዚህ እንስሳ እግር ተመልሶ የሚበቅል በመሆኑ፣ ጉዳት ደርሷል ለማለት አያስደፍርም።» እውነት ነው፣ ይበቅላል። ነገር ግን እስኪበቅል ድረስ ያመዋል፣ ክቡር ሆይ። ያመዋል። ትሉን ሳቀርብለት እንደ ወትሮው አይንደረደርም፤ ገንዳው ጥግ ላይ ካለች ሸክላ ሥር ተወሽቆ ይውላል። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «እግሩን ማን ወሰደው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «ኮሚቴ» አልኳት። አሁን ኮሚቴ ማለት ጥፍር ያለው የውኃ አውሬ ይመስላታል። አላረምኳትም።

፭. የነዋሪዎች እርካታ መጠይቅን ይመለከታል። ሳቂታ መጻፍ ስለማይችል ፊቱን አይተው በእርሱ ስም ስለ ሞሉለት አመሰግናለሁ። «ነዋሪው ፈገግታ አሳይቷል፤ በአብሮ ነዋሪዎቹ እጅግ ረክቷል።» ከላይ እንዳልኩት እሱ ሲታመምም ይስቃል፣ ሲርበውም ይስቃል፤ ቢሞትም ስቆ ነው የሚገኘው። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤት የተመቸ መሆኑ አይጠፋኝም።

ለመሆኑ ትክክለኛው ምርጫ ምን ነበር ቢሉ፣ በሁለት ገጽ ጽፌ አቅርቤልዎት ነበር፤ አንደኛው ላይ «ይታይ»፣ ሁለተኛው ላይ «ታይቷል» ተብሎ ተመልሶልኛል። ምናልባት የሚያነብ ቢገኝ እዚህ ልድገመው። አክሶሎትል መንጋ አይወድም፤ ብቻውን መኖር ለሱ ቅጣት አይደለም። የግድ ጎረቤት ይኑረው ከተባለም የራሱ ወገን የሆነ፣ ቁመቱም ከሱ እኩል የሆነ ሌላ አክሶሎትል ነው፤ እኩል ካልሆነ አንዱ የሌላውን እግር ይጎርሳል። ትንንሽ ሽሪምፕ ማስገባት ይቻላል፤ ግን እነሱ ውለው አድረው ምሳ ስለሚሆኑ ጎረቤት ከማለት ስንቅ ማለት ይሻላል። ዓሣ፣ አምባዛ፣ ሸርጣንና ኤሊ በፍጹም። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሼ ካርድ ናቸው፤ እሳቸውን ለመጠየቅ ደግሞ ኮሚቴ አያስፈልግም ነበር፣ አልጋቸው አጠገብ ወንበር አለ።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ብተወው ደስ ባለኝ። ከሦስቱም ቃለ ጉባኤዎች ግርጌ የኔ ፊርማ አለ። ዓሦቹም፣ ላሹም፣ ሸርጣኑም የገቡት እኔ ፈርሜ ነው። ለምን ፈረምሽ ቢሉኝ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ብዕሩን ሲያቀብሉኝ «ያንቺም ክፍል በአንድ ሰው የተያዘ ነው፤ ገና አላየነውም» ስላሉኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ክፍል፣ መጭመቂያዬን፣ በየመደርደሪያው የዘረጋሁትን ቆዳና ክር አሰብኩና ፈራሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔን ግን ማታለልም አላስፈለገዎትም። እየፈረምኩ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እሄድ ነበር። ጋሼ ካርድ በገባሁ ቁጥር አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቁኛል፦ «ብቻውን ነው አይደል?» እኔም «አዎ ጋሼ፣ ብቻውን ነው፣ ደህና ነው» እላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያርፋሉ፤ እኔ ደግሞ ደረጃውን ስወርድ ራሴን እጠላለሁ። በቀጣዩ ረቡዕ ይወጣሉ። በክራንች ተደግፈው መጀመሪያ የሚመጡት ወደ ገንዳው እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

፮. በዚህ መሐል አንዲት የውኃ ኤሊ የምትመደብበት ቃለ ጉባኤ መጣልኝ። የወዳጅዎ ስጦታ ናት፤ ሰኞ በእንግዶች ፊት በሥነ ሥርዓት ወደ ገንዳው ትገባለች ይላል። ስፋቷ ሰሐን ያክላል። ሁለት ፊርማዎች አስቀድመው ሠፍረዋል፤ የሦስተኛው ቦታ ነጥብ ነጥብ ነው። ቢበቅልም ባይበቅልም ኤሊ የምትቦጭቀው እግር ብቻ አይደለምና፣ ይህ ወረቀት ለሳቂታ የሞት ወረቀት ነው። ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ አልፈረምኩም። አልፈርምምም። የኔን ፊርማ የፈለገ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ያገኘዋል።

ፈቃድዎን ሳልጠይቅ የሠራሁትንም ልንገርዎ። ትናንት ከጥበቃዎቹ አንዱ ረድቶኝ ገንዳውን ከነሳቂታ ወደ ምድር ቤት አወረድነው፤ ሸርጣኑን ወደ መጣበት መለስን፣ ላሹንም የሚያኖረው ሰው አገኘንለት። የኔ ክፍል ፀሐይ የማይገባበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ለጉልበቴ ጠንቅ የሆነው ብርድ ለሱ መድኃኒት ሆነለት። ዛሬ ጠዋት ከሸክላዋ ሥር ወጥቶ ትል በላ። ቅጽዎን ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፦ «የክፍሉ ዓይነት፦ መጠረዣ። ነዋሪዎች፦ ጠራዥና አክሶሎትል። ብዛት፦ ሁለት።» እንግዲህ ክፍሉ በአንድ ነዋሪ የተያዘ ስላልሆነ በመመሪያዎ መሠረት ማንም ሊጨመርበት አይገባም። የሳቂታ ጎረቤት እኔ ነኝ፤ እጄን ታጥቤ ትል ከማቅረብ በቀር ውኃው ውስጥ አልገባም።

ረቡዕ ጋሼ ካርድ ሲመጡ ሦስቱን ቃለ ጉባኤዎች አቀርብላቸዋለሁ። የርስዎን ፊርማ አላሳያቸውም፤ የኔን ነው የማሳያቸው። የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ። እርስዎም መስማት ቢፈልጉ፣ ደረጃው አሥራ ስምንት ነው፤ እጀታውን ይዘው ይውረዱ።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለመመሪያዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴው ሌላ ጸሐፊ እየተመኘሁ፣ ከልብ በሆነ አክብሮትና ትንሽ የሙጫ ሽታ በተቀላቀለበት ትሕትና እሰናበታለሁ፤

የመጽሐፍ ጠራዥዋ
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለግምጃ ቤት ኃላፊው፤ ይህኛውን እንኳ አንብበው እንዲፈርሙበት።
ለልጆች ማንበቢያ ክፍል፤ በትልልቅ ፊደል።

ፊርማዬ ሳይደርቅ የታወሰኝ፦ ኤሊዋ ዛሬ ረፋድ ላይ ደርሳለች። ምደባዋ ስላልተፈረመ የት ላስቀምጣት ብዬ መመሪያዎን ብገልጥ፣ «ምደባ ያላገኘ ንብረት ውሳኔ እስኪሰጠው በኃላፊው ቢሮ ይቆያል» የሚል አንቀጽ አገኘሁ። በትእዛዝዎ መሠረት ከጠረጴዛዎ ሥር በሳፋ አኑሬያታለሁ፤ ሳፋው ጎድጓዳ ስላልሆነ ወጣ ገባ ትላለች፣ የእንግዳ ተቀባይዋንም ጣት በጥርስ አልባ አፏ ቀድዳለች። ከምሳ ሲመለሱ ጫማዎን አውልቀው እግርዎን የሚያሳርፉት እዚያው መሆኑን ስለማውቅ፣ አስቀድሜ ላሳውቅዎ ብዬ ነው።