በትርሓስ ጣራ ላይ ያለው ድንጋይ

ሐምሌ 2
ዛሬ ፀሐይ ወጣች። ጎረቤቴን ትርሓስን ሳናድዳት ዋልኩ። «ጣራሽ እኮ ሂና ተቀብቷል፤ ልትዳሪ ነው?» አልኳት፣ ዝገቱን እያሳየሁ።
«አንቱስ፣ ጋሽ ሲራጅ? አንድ ጣራ አይደል የለበስነው!»
እውነቷን ነው። የኛ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ተያይዘው ነው የተሠሩት። የሷ ቆርቆሮ ጫፍ የኔ ላይ ተደርቧል።

ሐምሌ 5
አናጢው ኢዘዲን የሚያፈስብኝን ሊደፍን ወጣ። ሲወርድ ፊቱ ልክ አልነበረም።
«አባባ፣ በእማማ ትርሓስ በኩል እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል። በጣቴ ነካሁት፣ ፈረሰ። መርገጫ ስለሌለው የተጫነበትን ማውረድ አልቻልኩም። መርሳ ከተማ የጀመርኩትን ሥራ ጨርሼ እስክመለስ ከስሩ እንዳትተኛ ይንገሯት። ያን ሁሉ ድንጋይ ደግሞ ማን ጫነው?»
«ጅኒ ይሆናላ።»
ሳቀ።
ጅኒው እኔ ነኝ። ነፋስ በመጣ ቁጥር አንድ እጨምር ነበር… የሷ ከተጫነ የኔም አይነሳማ። አሥራ አንድ ድንጋይ። ከስሩ አልጋዋ።

ሐምሌ 6
ልነግራት ገባሁ። «ትርሓስ፣ አልጋሽን ወደ በሩ አዙሪው፤ ሙሽራው በዚያ ነው የሚመጣ» አልኩ። ሳቀች። አላዞረችም።
ምነው ምላሴ? በጦርነቱ ሰሞን ስንቱ ሰላምታ ሲነፍጋት «እኔ አለሁልሽ» ያልኳት እኔ… አሁን «ከአናትሽ በላይ ድንጋይ ስከምር ነበር» ልበላት? ምን ትለኛለች?
ነገ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 7
ከሰዓት ጥቁር ደመና። የልጅ ልጄ ነሲባ ልብስ ልታስገባ ወጥታ፣ «አባባ፣ የእማማ ትርሓስ ጣራ ጮኸ» አለች። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ትርሓስ ራሷን አሟት አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች።
«ተነሺ! ድንጋዩ የኔ ነው! ተነሺ!»
«ደግሞ ምን ቀልድ…»
እጇን ይዤ ጎተትኳት። በሩ ጋ ስንደርስ… ያ ድምፅ! ያ ረቢ። ጣራው ከነድንጋዩ ወረደ፤ አልጋዋ ለሁለት ተሰበረ።
ዝናብ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኳት።
«ሁለት ቀን እያወቁ ቀለዱብኝ?»


ሐምሌ 19
ትርሓስ እኛ ቤት ከነሲባ ጋር ሰነበተች። ለኔ ግን አሥራ ሁለት ቀን አንድ ቃል የለም። ኢዘዲን አዲሱን እንጨት ትናንት ጨረሰ፤ ዛሬ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከድንጋዮቹ አንዱን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ጠራችኝ።
«ይሄ የማን ነው፣ ጋሽ ሲራጅ?»
የጅኒው ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ… ዋጥኩት።
«የኔ።»
ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።
«እንግዲያ ይቀመጡበት» አለች።
ተቀመጥኩ።