ሰዎች ስለ አንካሳው ፈረስ የጻፉት

ታንሊ፣ ስታፎርድሺር
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2019

ውድ ልጄ ብራዮኒ፣

ጤናሽን ጠይቄ፣ የዝናቡን ነገር አውርቼ ልጀምር ነበር፤ ግን አውቅሻለሁ፣ «አባዬ፣ ወደ ነገሩ ግባ» ነው የምትይኝ። እሺ፣ ገባሁ። መጠጥ ቤታችን አንካሳው ፈረስ እንደገና የሚይዘው ሰው ሊያጣ ነው። አሁን የያዘችው ማንጂት በኦክቶበር መጨረሻ ትለቃለች። ቤቱን የሚያከራየው ኩባንያ እስከዚያ ድረስ መጠጥ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ካላገኘ ለአፓርታማ ሠሪዎች ይሸጠዋል፤ መሬት ለኪዎች መጥተው ጓሮውን በችካል ሞልተውት ሄደዋል። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንቺ ከኒውዚላንድ መጥተሽ እንድትይዢው ነው። ይኸው፣ ተናገርኩ።

«እኔ ላይማ ሰው ፈርዶብኛል» እንደምትይ አውቃለሁ። ባለፈው የገና በዓል በስልክ ያልሽኝ ይህንኑ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው መጥፎ ጽፎብኛል፣ መጠጥ ቤት መያዝ እንደማልችል በጽሑፍ የተረጋገጠ ነው አልሽና ወሬውን ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት አዞርሽው።  አሁን መልስ አለኝ። መስኮቱ ሥር ያለውን የእንግዶች መዝገብ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ጀልባተኛ እንደሆነ ቦዩ ላይ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የውሃ በር እስኪሞላለት ድረስ ግማሽ ብርጭቆ ይዞ ከመቆም ሌላ ሥራ ስለሌለው ያሰበውን ሁሉ ይጽፋል። ኢንተርኔት ላይ ያለውንም ማንጂት በወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ስለዚህ ቤት ከተጻፈው ያመለጠኝ የለም፣ አሁን በዚህ ጉዳይ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

አድልቶ ነው እንዳትይኝ ከራሴ ልጀምር። በእኔና በእናትሽ ሃያ ሁለት ዓመት የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ቢራው ጥሩ፣ የሥጋ ፓዩ ጥሩ፣ ባለቤቱ ወሬኛ።» «እመቤቲቱ ገነት ትገባለች፤ ያንን ሰውዬ ችላ መኖሯ ብቻውን ይበቃታል።» ከኮቨንትሪ ነኝ ያለ አንዱማ «ባለቤቱ ቢራ ከሚቀዳበት ጊዜ ምክር የሚሰጥበት ይበልጣል» ብሏል። ቅናት ነው። በጥቅሉ ሰው ወዶናል፤ በተለይ እናትሽን።

አንቺን ለጊዜው ልዝለልሽና አንቺን ተክተው ወደመጡት ልሂድ። ለእናትሽ ቀብር ስትመጪ ያየሻቸው የለንደን ባልና ሚስት፣ ፓርጀተሮቹ፣ ቤቱን ግራጫ ቀለም ቀቡት። ድንች ጥብሱን በትንሽ የቆርቆሮ ባልዲ ማቅረብ ጀመሩ። በሩ ላይ ደግሞ «ውሻና ጭቃማ ጫማ ክልክል ነው» ብለው ለጠፉ፣ ያውም ጀልባ በሚቆምበት ውሃ ዳር። ጫማው ጭቃ ያልነካው ጀልባተኛ ካየሽ ጀልባው የሱ አይደለም ማለት ነው። አንዲት ሴትዮ «ድንቹን ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ፍሬ ነው። ባልዲው ግን ያምራል» ብላ ጽፋለች። ሀብታም እንግዳ እናመጣለን ብለው የነበረውንም አባረሩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለነሱ ነው።

ከዚያ ክሬግ መጣ። አምስት ቴሌቪዥን ሰቀለ፣ የቢራውን ቱቦ ግን አንድ ቀን አላጠበም። አንዱ ደንበኛ «ቢራው ኮምጣጤ ነው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ቢጽፍ፣ ክሬግ ከሥሩ «የኮመጠጠው ፊትህን አይቶ ነው» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መጠጥ ቤት ግን በስድብ አይተዳደርም። በዓመት ከስምንት ወሩ ጥሎ ሄደ፣ ቤቱም ክረምቱን ተዘግቶ ከረመ።

ማንጂትን አታውቂያትም። ወላጆቿ ከፑንጃብ የመጡ የዎልቨርሃምፕተን ልጅ ናት፣ እኔን «አንክል» ነው የምትለኝ። የከሰል ጥብሷንና የእሁዱን የበሬ ጥብስ አንድ ጠረጴዛ ላይ አቀረበች፣ ውሻውንም ጭቃውንም መለሰች። «ለአንድ ሰዓት ልናርፍ ቆመን ሦስት ቀን ከረምን» ይላል አንዱ። መጀመሪያ ቅመም ያለበትን ስታቀርብልኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አልጀምርም ብዬ ተኮፍሼ ነበር። አሁን ማክሰኞና ዓርብ የምበላው እዚያ ነው። የምትለቀውም አማቷ አልጋ ላይ ስለዋለች ነው እንጂ ማንም አላስወጣትም።

አሁን ወደ አንቺ። ያንቺን ሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ልጅቷ የልጃችንን እርጥብ ካልሲ ምድጃው ላይ አድርቃ፣ አጣጥፋ ሰጠችን።» «ከዚህ እስከ በርሚንግሃም እንዲህ የጠራ ቢራ አልጠጣንም።» «ዓመት ቆይተን ብንመለስ ስማችንን አልረሳችውም።» ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቱቦውን ስታጥቢ በር ላይ ቆሜ «እኛ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነበር የምናጥበው፣ ምን ያስቸኩልሻል» እያልኩ እነዘንዝሽ ነበር። ቢራሽ ከእኔ ቢራ ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም። እስከ ኦገስት 2011 ድረስ መጥፎ የጻፉብሽ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ የሚያማርሩት በር ላይ ቆሞ ስለሚነዘንዝ አንድ ሽማግሌ ነው።

ሠላሳ አንዱ በሙሉ የመጣው በአንድ እሁድ ነው፣ በኦገስቱ የበዓል እሁድ። ከቤቱ ፊት ያለው የቦዩ ውሃ አልቆ አደረ፣ ስድስት ጀልባ ጭቃ ላይ ተጋደመ፣ ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። አንቺ ለዘጠና ሰው ምሳ አዘጋጅተሽ ነበር። ሰው አፍንጫውን ይዞ ሄደ። ውሃውን የሚለቀውን የታችኛውን በር ሳንቃ ማን ክፍት ትቶት እንዳደረ የሚናገር ጠፋ። ከኩባንያው የመጣው ሰውዬ «ጀልባተኞቹን መቆጣጠር ያንቺ ሥራ ነበር» አለሽ። እኔም በሰው ሁሉ ፊት፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ «በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም» አልኩ። አየሽኝ።  በኖቬምበር ሄድሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ማንጂት ስላንቺ የተጻፈውን መልካም መልካሙን ለኩባንያው ልትልክ ከመዝገቡ ትገለብጥ ነበር። ቤቱን ለአንቺ እንዲሰጡ ሁለታችንም ተስማምተን የጀመርነው ነገር ነው።

«አንክል፣ እዚህ ጋ አንድ ገጽ ተቀዷል» አለችኝ።

«አይጥ ይሆናል» አልኳት።

«የታንሊ አይጥ በማስመሪያ ነው እንዴ የሚቀደው?»

 እኔ ዝም ማለቴ ራሱ ጤና ስላልመሰላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንክል፣ ልጅዎ እንድትመጣ ይፈልጋሉ አይደል?»

«እፈልጋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ የጎደለውን ገጽ እርስዎ ይዘውት እሷ በምን ልቧ ትምጣ?»

ይህች ሴት በቀላሉ የምትታለል አይደለችም። ስለዚህ ለእሷ የነገርኳትን ለአንቺም እነግርሻለሁ።

ከእሁዱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሌስተር የመጡ ቤተሰብ፣ አባት እናትና ሁለት ሴት ልጆች፣ የኪራይ ጀልባ ይዘው ቁልቁል ሊወርዱ የውሃው በር ላይ ደረሱ። በሕይወታቸው የውሃ በር ነክተው አያውቁም። «እኔ አሳልፋችኋለሁ፣ አርባ ዓመት ይህን በር ስከፍት ስዘጋ የኖርኩ ነኝ» አልኳቸው። የታችኛውን ሳንቃ አንሥቼ ውሃውን ስለቅላቸው፣ ጀልባው ዝቅ እያለ ሲሄድ፣ ይህ ቤት ልጄ ከያዘችው ወዲህ እንዴት እንደተበላሸ እየነገርኳቸው ነበር። እነሱም ሰው አክባሪ ስለሆኑ አዳመጡኝ። ጀልባው ወጣ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እያወራሁ ከጎናቸው ሄድኩ፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ እጄን አውለብልቤ ቤቴ ገባሁ። ሳንቃውን አላወረድኩትም። የላይኛው በር ያረጀና የሚያፈስ ስለሆነ ውሃው ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ሲወርድ አደረ።

እሁድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወጥቼ ሳይ ሳንቃውን የማነሣበት የመክፈቻ ብረቴ እዚያው ሳንቃው ማንሻ ላይ እንደተሰካ ነው። ነቀልኩት፣ ሳንቃውን አወረድኩ፣ ቤቴ ገብቼ ቁርሴን በላሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኔን በጨው አጥቤ መጥቼ ያንን የተናገርኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን አይተው ነው።

ማክሰኞ ዕለት የሌስተሮቹ ሽቅብ ሲመለሱ ቆሙና መዝገቡ ላይ ጻፉ። አንቺ ከኩባንያው ሰውዬ ጋር ጓዳ ነበርሽ። እኔ ከማንም ቀድሜ አነበብኩትና በእናትሽ የልብስ ስፌት ማስመሪያ ቀደድኩት። እናትሽ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አገኘችው። «ሌን፣ ይህን ለልጅቷ ስጣት» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ በየሳምንቱ ነገ እላለሁ። አንቺ ሄድሽ። እሷም «እሺ ጻፍላት» ማለት ጀመረች፣ ያንንም ነገ አልኩ። ከዚያ እሷም ሞተች። ላንቺ አልነገረችሽም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ እንደምነግርሽ ታምን ነበር። ብራዮኒ፣ በዚህ ዓለም በጣም የማፍረው በዚህ ነው።

አሁን ግን የሠራሁትን ልንገርሽ፣ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቤቱ ሞልቶ ሳለ ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ፣ ስም ቀንና ሰዓት ጠርቼ።  ከጀልባተኞቹ አንዱ «እንግዲህ ለስምንት ዓመት ነገር የዛሬው መጠጥ በአንተ ነው» አለና ሳቁ፣ እኔም ጋበዝኩ። ዓርብ ዕለት ለኩባንያው ጽፌ ፈረምኩ፣ ማንጂት ደግሞ ያንቺን መልካም ገጾች አያይዛ ላከችው። ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ። እስከ ኦክቶበር 20 እሺ ካልሽ ቤቱ ያንቺ ነው፣ የሠላሳ አንዱንም ነገር ከፋይልሽ ላይ ያነሱታል።

መምጣትሽ በአንቺ እጅ ነው። ባልሽ ሥራ አለው፣ ልጆቹ ባሕር ዳር አድገው የእኛን ጭቃ ምን ይሉታል፣ ይህ ሁሉ ይገባኛል። ብትመጪ ሳንቃውን አልነካም። ለአፌ ግን ዋስ አልሆንም፣ ሰባ ስድስት ዓመት ያልተገራ አፍ አሁን አይገራም፤ ውጣ ካልሽኝ ግን እወጣለሁ። ባትመጪም በአንቺ አልፈርድም። ብቻ መጠጥ ቤት መያዝ አልችልም ብለሽ እንዳትቀሪ። ከአምስታችን ይህን ቤት በደንብ የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ይህን የምልሽ ሁሉንም ያነበብኩ ሰው ነኝ።

ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። እጅሽ የያዘው ሁሉ ይስመርልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ እድሜሽ ከእኔ ይርዘም።

ገጹ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። በመንገድ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ እንዳይቀርብሽ እዚህም ገልብጨዋለሁ፦

«ቅዳሜ ምሳ እዚህ በላን፣ በጣም ግሩም ነበር። ከምሳ በኋላ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ደግ አዛውንት በውሃው በር አሳለፉን። ወሬያቸው ይዞን ሳንቃው መውረዱን ማናችንም አላየንም። ዛሬ ስንመለስ የሆነውን ሰምተን በጣም አዘንን። እባካችሁ ለልጅቷ ንገሩልን፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

ነገርኩሽ።

አባትሽ፣
ሌን