ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ

እታለሜ፣

ከተለየሽኝ ትናንት አርባ ቀን ሞላሽ። እማዬ ደብረ ማርቆስ ላይ ካህን ጠርታ፣ ጎረቤት ወረርሽኙን ፈርቶ ስላልመጣ ብቻዋን ቆማ ጸሎት አስደረገችልሽ። እኔ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ሪጋ፣ ከአልጋሽ በላይ ካለው አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልክ ሰማሁ። የእዚህ ቤተ ክርስቲያን በወረርሽኙ ምክንያት አሁንም ዝግ ነው። የተቀበርሽበትንም ቦታ ከተላከልኝ ፎቶ በቀር አላየሁትም።

ቤቱ ተለዋውጧል። ሰባት የነበርነው አራት ቀርተናል፤ ሁለቱ የቤት ሠራተኝነት አግኝተው አል ዋርቃ ሰፈር ማዳም ቤት ገብተዋል። አልጋሽን የሚከራይ አልተገኘም። ቤቱን በስሟ የያዘችው ዘነቡ ፍራሽሽን ጥላ መጋረጃውን አጠበችው። ያስታመምሻት ሰናይት ግን ድናለች። ስምሽ ሲነሳ ታለቅስና መጨረሻ ላይ ዕጣዋ ነው ትላለች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። እማዬም የተጽናናችው ቀኗ ደርሶ ነው ብላ ነው።

አንቺም ብትሆኚ ይህንኑ ነበር የምትይው። ትዝ ይልሻል? የሜትሮው በር ሊዘጋ ሲል እኔ እየሮጥኩ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ትመጪ ነበር፤ ያ ባቡር ያልተጻፈልኝ ነው እያልሽ። ሥራ ማርፈድም ተጽፎልሻል ወይ እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። አሁን ያ ቀልድ አያስቀኝም።

እታለሜ፣ አርባ ቀን ሙሉ የያዝኩትን ልንገርሽ። ሰናይትን ትኩሳት የያዛት ጊዜ፣ ቪዛዋ ስላለቀ አምቡላንስ አትጥሩብኝ ብላ ስትለምነን፣ እኛም ሞኞቹ እሺ አልናት። ማን ከእሷ ጋር በትንሿ ክፍል ይዘጋ ሲባል ዕጣ ይጣል ተባለ። እንደ አገር ቤት ሁሉም ምልክቷን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጨመረች። እኔ ገላዬን እየታጠብኩ ስለነበር የእኔን አንቺ ከትራሴ ሥር አንስተሽ ጨመርሽልኝ። የማን ምን እንደሆነ ስለማላውቅ አንቺ አውጪ አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ። መጀመሪያ የነካሁት የፀጉር ክሊፔን ነበር። አንድ ጥርሱ የተሰበረውን ክሊፔን እንዴት አጣዋለሁ? ለቀቅኩት። ከሥሩ ትንሽ ክብ ነገር ያዝኩና አወጣሁ። ከሆቴል ደንብ ልብስሽ የበጠስሽው ቁልፍ ነበር። አንቺም ኸላስ፣ አለቀ፣ የእኔ ነው ብለሽ ብርድ ልብስሽን ማጠፍ ጀመርሽ። ሰናይት ስትነሳ አንቺ ተኛሽ፤ አምቡላንስ የጠራነውም ዘግይተን ነው።

እግዚአብሔር ክሊፑን ከጣቴ ሥር ሲያደርገው ተራው የእኔ ነበር፤ የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ። አንዳንዴ መልቀቄም አስቀድሞ ተጽፎ ይሆናል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ፤ ይህን የምለው ጥፋቴን የሚሸከምልኝ ስለምፈልግ ነው። ቁልፉ የአንቺ መሆኑን አላወቅኩም ነበር፣ ይህን እመኚኝ። ግን ከአምስታችሁ አንዷን ወደዚያ ክፍል እንደምልክ አውቄ ነበር።

ከትናንት ጀምሮ እኔም ትኩሳት አለብኝ። ዛሬ ጠዋት ዘነቡ ሽንኩርት ስታቁላላ አልሸተተኝም። አሁን ከመጋረጃው ወዲያ ሦስቱ ይንሾካሾካሉ። የእኔም ቪዛ ስላለቀ አምቡላንስ ያለ ሰው የለም፤ ማን ያስታምማት ነው የሚሉት። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ሰናይት ጉትቻዋን ስታወልቅ ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይታየኛል። ማናቸውም እምቢ አላሉም። ዕጣው የሚወጣባት የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም፤ የወጣባት ግን የተጻፈልኝ ነው ብላ እንደ አንቺ ትገባለች።

ይህን ወረቀት አስቀምጬ ልነሳ ነው። ከመሃላቸው አንዷ እጇን ሳትሰድ ሁሉን እነግራቸዋለሁ፤ አምቡላንሱንም ራሴ እጠራለሁ። ይጠሉኝ ይሆናል። ለእማዬ ከሆስፒታል እደውልላታለሁ፣ መደወል ከቻልኩ።

አልረሳሽም፣ እታለሜ። ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ስምሽን በጠራሁ ቁጥር ዕጣዋ ነበር አልልም። እጄ ነበር እላለሁ።