ወደ ፊት እንዲያይ ስለታዘዘው አብራሪ

ከሰላምታው በፊት ለእናንተ ለአንባቢዎቼ አንድ ነገር በጆሯችሁ ልንገራችሁ። በቀኝ እጄ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የገባ ጥቁር ቀለም አለ። በሎሚ ሞከርኩት፣ በነጭ ጋዝ ሞከርኩት፣ በመርፌ ጫርኩት፤ አልወጣ አለ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ ሲጨባበጥ፣ እኔ እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ አንገቴን ብቻ ሰበር እያደረግሁ አለፍኩ። አንዲት ጎረቤቴማ እጄን የቆረጠኝ መስሏት ፋሻ ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። አላፍርም፣ ፋሻውን ተቀበልኩ። የቀለሙን ነገር ግን ለእሷ መንገር አቅቶኝ፣ ይኸው ስማቸው ከታች ለተጻፈው ሰው በአደባባይ እጽፈዋለሁ።

ለክቡር አቶ ከፋለ፣
የአሸተን በር የእደ ጥበብ ማሳያ አዳራሽ ኃላፊ፣
ላሊበላ።

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ አዳራሽዎ፣ በአዳራሹ በር ላይ ያነጠፉት አዲሱ ምንጣፍ ሁሉ ደኅና ናቸው? በተለይ ስለ አንገትዎ አስባለሁ። ሰው ወደ ፊት ብቻ ማየት አለበት የሚለውን ጽኑ አቋምዎን በቅርብ የማውቅ በመሆኔ፣ ወደ ጎን ለመዞር የሚያስገድድ ነገር እንዳይገጥምዎ ከልቤ እመኛለሁ።

የምጽፍልዎ ከተማው “የሸጌ አየር ኃይል” እያለ ስለሚቀልድበት ማኅበራችን ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ የማያውቁ አንባቢዎች ስላሉ ግን ትንሽ ይታገሱኝ። ሸጌ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ጓደኛዬ ናት። እንግዳ በጠፋበት ዘመን የምግብ ቤቷ ረጅም ጠረጴዛ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። አስጎብኚው ባምላክ ደግሞ አንድ የውጭ አገር ሰው በጉርሻ ፋንታ የሰጠውን ሳጥን አምጥቶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ውስጡ ያልተገጣጠመ የጦር አውሮፕላን ነበር፤ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ከክንድ የሚያንስ፣ ክፍሎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በፍሬም ላይ የተደረደሩ። ባምላክ ሰውየውን እየረገመ ነበር የመጣው። እስኪ እንየው ብለን በምላጭ ቆረጥን፣ በጥፍር ሞረድ አለሰለስን፣ አጣበቅን። ከዚያ ወዲህ ባምላክ ደስ ብሏቸው ለሚመለሱ ጎብኚዎች ሁሉ “ብር ተውና ሳጥን ላክልኝ” ይላል፤ የቅዳሜ ከሰዓታችንም በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልቃል።

ቀለም መቀባት ላይ ግን ሁላችንም ወደቅን። የእኔ የመጀመሪያ አውሮፕላን በጭቃ ውስጥ የተንከባለለ በግ ይመስል ነበር። ስለዚህ መሪጌታ በእውቀቱን ለመንናቸው። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቅዱሳንን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ፣ ከጥቂት ፀጉር በተሠራ ብሩሽ የመልአክ ሽፋሽፍት የሚያወጡ ሰው ናቸው። “ለማየት ብቻ” ብለው መጡ። አሁን የክንፍ ቀለም ካወፈርን የሚቆጡን እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ሲመጡ ልማዳቸውም አብሮ መጣ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዓይኖቹ እያየን ይሣላል። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ከሐዲው፣ ጨካኙና ሰይጣን ነው። ይህንን የላስታ ሰው ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። አውሮፕላን ደግሞ የሚታየው ከጎኑ ነው። ስለዚህ መሪጌታ የአብራሪዎቹን ሁሉ ጭንቅላት ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ ትልልቅ ሁለት ሁለት ዓይን ሣሉላቸው። ባምላክ አንድ ቀን፣ “መሪጌታ፣ ይኼ ሰው እንዲህ እኛን እያየ ሲበር ከተራራ ጋር ይላተማል እኮ” ቢላቸው፣ “መንገዱን የሚያይለት አለ፤ አንተ ክንፉን ሞርድ” አሉት።

ከአውሮፕላኖቹ መካከል አንዱ፣ ሚግ የሚባለው ተዋጊ ጄት፣ የሌላ ሰው አደራ ነው። ምሥጋናው የሚባል የሙጃ ልጅ አብራሪ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ለበረራ እንደወጣ አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እህቱ አዛለች ስለ እኛ ከባምላክ ሰምታ፣ የወንድሟን ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ ሸጌ ቤት መጣች። የምታለቅስበት መቃብር የላትም። እሱ የበረረበትን ዓይነት አውሮፕላን እሱን አስቀምጠን እንድንሠራላት፣ እቤቷ ከሥዕለ ማርያም ግርጌ እንደምታኖረው ነገረችን። መሪጌታ ያንን ፊት፣ ከምስር ክክ የማይበልጠውን፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሣሉት። ምሥጋናው ነበር። አውሮፕላኖቻችንን በእርስዎ አዳራሽ ለእይታ ልናቀርብ ስለነበር፣ አዛለች በመክፈቻው ቀን መጥታ እንድታየው፣ ዝግጅቱ ሲያልቅም ይዛው እንድትሄድ ተስማማን።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የማመሰግንባቸው ጉዳዮች እነሆ።

አንደኛ፤ አዳራሹ ውስጥ ከተሰጠን ጠረጴዛ በላይ “የሕፃናት መጫወቻ” የሚል ጽሑፍ በደማቅ ቀለም አጽፈው ስለሰቀሉልን እጅግ አመሰግናለሁ። መሪጌታ በሽበታቸው ላይ ሕፃን መባላቸውን በጸጋ ተቀብለውታል። ባምላክም አስጎብኚነቱን ትቶ ጡጦ ሊገዛ መሆኑን አጫውቶናል።

ሁለተኛ፤ የየትኛውም አውሮፕላን አፍንጫ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይዞር በጥብቅ ስላሳሰቡን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወደ ምሥራቅ ብናዞር ቤተ ክርስቲያን፤ ወደ ምዕራብ ብናዞር ቤተ ክርስቲያን፤ ወደ ተራራው ብናዞር እዚያም ገዳም አለ። ላሊበላ ነው ያለነውና፣ ጠረጴዛውን ስናሽከረክር ዋልን። በመጨረሻ ሁሉንም የሚያስማማ ባዶ አቅጣጫ አገኘን፤ ክቡርነትዎ፣ የእርስዎ ቢሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህኛው ትእዛዝዎ ከልቤ አልሳቅሁም። ሰማይ ላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ቀና የሚል ሰው በከተማችን ዛሬም ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ሦስተኛ፤ በመክፈቻው ዋዜማ አዳራሹን ሊጎበኙ መጥተው ከጠረጴዛችን ፊት ስለቆሙልን ነው። ከፊት ረድፍ የነበረውን ሚግ በጣትዎ እየጠቆሙ፣ አብራሪ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን እንደማያይ፣ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች እንደሚስቁብን፣ ካልተስተካከለም ጠረጴዛው እንደሚነሳ ነገሩን። መሪጌታ ለጸሎት ሄደው አልነበሩም። ባምላክ ሊያስረዳዎ አፉን ሲከፍት ስልክዎ ጠራ። ስልኩን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ አንገትዎ መዞር እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። “አንቺ እንኳ የተማርሽ ነሽ፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊ፤ አስተካክይው” አሉኝ። ስለሰጡኝ ክብር አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ አራተኛው እርስዎን አይመለከትም። እዚህ ድረስ በቁጥር የመጣሁት ጣቴን ወደ እርስዎ ለመቀሰር ነበር፤ ጣቴን ሳነሳ ግን ጥፍሬ ታየኝ።

አይሆንም ማለት እችል ነበር። የመሪጌታ ቤት ከአዳራሹ ሽቅብ ነው፤ ከጸሎት ሲመለሱ ሮጬ መጥራት እችል ነበር። የአንድ ዓይንን ትርጉም ሳልጠይቅ የማውቅ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ነገር ግን “የተማርሽ ነሽ” የምትለዋ ቃል እንደ ሞቀ ሻይ ወርዳ ሆዴን ደስ አሰኘችው። ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። የአብራሪውን መስታወት መሰል የፕላስቲክ ክዳን በምላጭ አነሳሁ። ጭንቅላቱ ተጣብቆ አልዞር ስላለኝ፣ መሪጌታ የሣሉትን ፊት በጠይም ቀለም ደፈንኩትና በላዩ ላይ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ የሚያይ ፊት በጎን ሣልኩ። አንድ ጥቁር ነጥብ፤ አንድ ዓይን። ቶሎ እንዲደርቅልኝም ክዳኑን በሱፐር ግሉ ዘጋሁት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ሌሎቹንም ላስተካክል ስል ጥበቃው ሊዘጋ መጣ። እንግዲህ ይታይዎ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ካሉት አብራሪዎች ሁሉ አንድ ዓይን የነበረው ምሥጋናው ብቻ ሆነ።

በማግስቱ አዛለች ከሙጃ መጣች። ረድፉን ተከትላ፣ ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚያይዋትን አብራሪዎች አንድ በአንድ እያየች፣ ፈገግ እያለች ወንድሟ ጋ ደረሰች። ዝቅ ብላ አየች። ቀና አለች። ሌሎቹን መለስ ብላ አየች፣ እንደገና ዝቅ አለች። ከዚያ መሪጌታን፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

“መሪጌታ፣ ወንድሜ ምን በደለዎት?” አለቻቸው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የእሳቸው እጅ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ አፍታ የፈጀባቸው አይመስለኝም። ዓይናቸው በሁላችንም ላይ ዞረ፤ በእኔም ላይ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። እሳቸው “ይቅር በይኝ ልጄ” ብቻ አሉ። እርስዎም ግርግሩን ሰምተው መጥተው፣ አዳራሹ በባለሙያዎች የጥበብ ነጻነት ጣልቃ እንደማይገባ ለተሰበሰበው ሰው ስላስረዱ አመሰግናለሁ። ሲያስረዱ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እርስዎ አላየሁም። በዚያች ሰዓት ሁለታችንም በጣም ወደ ፊት እያየን ነበር።

ከዚያ የባሰውን ልንገርዎ። አዛለች አውሮፕላኑን አልፈልገውም ብላ ስትወጣ፣ ክንዷን ደግፌ እስከ መኪናው የሸኘኋት እኔ ነኝ። “አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል” አልኳት። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳልነግራት። እሷም ስለ ደግነቴ መረቀችኝ።

የገበያ ቀን ሳይደርስ ከተማው ታሪኩን ጨርሶ ሠራው። መሪጌታ ከምሥጋናው ቤተሰብ ጋር በድንበር መሬት ተጣልተው ነበር፤ ቂማቸውን በሙት ላይ ተወጡ፤ ተባለ። አንዲት ሴትማ ለልጇ ክርስትና ያዘዘችውን ሥዕል ላትወስድ መሆኑን ነገረችኝ። ወሬ እንጀራዬ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ወሬ ግን በአንዲት ቃል ማቆም ስችል ሻዬን እየጠጣሁ “እንዴት ያለ ነገር ነው” አልኩ።

የያዘችኝ ሸጌ ናት። አውሮፕላኖቹን ከአዳራሹ መልሰን ስናራግፍ ሚጉን ወደ መስኮት አስጠግታ አየችው። የመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያውን ጉም ለብሷል። ሱፐር ግሉ እንዲህ ባለ ክዳን ላይ ሲደርቅ ጉም ይተዋል፤ ከጀማሪ በቀር ማንም አይጠቀምበትም።

“መሪጌታ የሚዘጉት በነጩ ኮላ ነው” አለች ቀስ ብላ። “እስኪ ጥፍርሽን አሳይኝ።”

አሳየኋት። ነጠላዬን አንሥታ አቀበለችኝና በሩን ከፈተችልኝ።

መሪጌታን ከደጃቸው አግዳሚ ላይ ቀለም ሲፈጩ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። እጃቸው ከመፍጨት አልቆመም። ጥቁሩን ሁልጊዜ ስለማበዛው ያን ቀን አንድ ጊዜ አይተው እንዳወቁኝ ነገሩኝ፤ ዝም ያሉት እስክናገር ሲጠብቁ ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

“ለእኔ የነገርሽኝን ለእሷ ንገሪያት” አሉ። “እሷ ድገሙት ካለችኝ እደግመዋለሁ። እሷ ካላለች ግን እጄን አላነሳም።”

ስለዚህ በነገው ቅዳሜ እኔና ሸጌ ሚጉን በጥጥ ጠቅልለን ወደ ሙጃ እንሄዳለን። አዛለችን ያስቀየምኳት በሰው ፊት ነበርና፣ ይህን ደብዳቤ በሰው ፊት መጻፌ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ከጋዜጣ አንብባ ሳይሆን ከአፌ እንድትሰማው አዘጋጁን ከእኛ ጉዞ በኋላ እንዲያትመው ለምኜዋለሁ። መሪጌታ በማንም ላይ ቂም የላቸውም፤ ብሩሹን የያዝኩት እኔ ንጋት ነኝ። ክርስትና ሥዕል ያዘዝሽው እህቴ፣ ሄደሽ ውሰጂ።

ለእርስዎ ግን ቅጂው ዛሬውኑ በእጅዎ እንዲደርስ ልኬያለሁ፤ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ከሹፌሩ ጎን፣ መንገዱን ፊት ለፊት የሚያሳይ፣ ለእርስዎ ተብሎ የተሠራ የሚመስል። ቢመጡ አውሮፕላኑን እኔ እይዘዋለሁ፤ እርስዎ ያዘዙኝን ብቻ ይናገሩ። ባይመጡም የእኔ ጥፋት በዚያ ምክንያት አይቀንስም፤ ይህን በማወቄ አዝናለሁ።

የአዳራሽዎ ምንጣፍ ሳይቆሽሽ፣ አንገትዎ ሳይደክም፣ ዓይንዎ ከፊት ለፊቱ ሳይነቀል ረጅም ዘመን ይሥሩልን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በቆሸሸ አውራ ጣት ፈርሜያለሁ።

ንጋት፣
ከሸጌ ጠረጴዛ።

ማስታወሻ፦ በመክፈቻው ቀን ሪባን ሲቆርጡ የተነሡት ፎቶ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሎ አየሁት፤ በጣም ያምራል። ከጎንዎ የተነሣ ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይንዎ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ የመሪጌታን አስተያየት ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ ምክንያቱም ትንሽ ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ከኋላዎ እጇን በነጠላ ሸፍና የቆመች አንዲት ሴት አለች፤ እሷም የተነሣችው በጎኗ ነው። አዛለች በሯን ብትከፍትልኝም ብትዘጋብኝም፣ የምትለኝን ቃል ስድቡን ሳልቀንስ፣ ምርቃቱን ሳልጨምር እዚሁ አሰፍርላችኋለሁ።